አዎ በያት

ሴት ልጅ በቤተ ክርስቲያን ማስተማር እንደማይገባት እናቴ ስትናገር በገዛ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ። አሥር ዓመቴ ነበር። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው። የተነገራት ደግሞ ፓስተር ኢንግሪድ ናት፤ በዚያ ዕድሜዬ ከአስተማሪዎቼም ከጓደኞቼም፣ አንዳንድ ቀንማ ከእናቴም አብልጬ የምወዳት ሴት። ቂም ያዝኩ። ልጅ ቂም አይዝም የሚሉ ሰዎች ልጅነታቸውን ረስተውት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ሲዳር በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ላይ በነበረች ጠባብ ቤታችን ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1993 ገደማ ይሆናል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን በሰው ይሞላል። ታክሲ የሚነዱ፣ ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ የሚሠሩ፣ ብሉሚንግተን ሆቴሎች ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉ፣ ከናይሮቢ ገና የመጡና ከብርዱ የተነሳ ቤት ውስጥም ካፖርታቸውን የማያወልቁ። በሩ ላይ የጫማ ክምር አለ፣ ከክምሩ ሥር የቀለጠ በረዶ ኩሬ። እኔ ከምግብ ጠረጴዛው ሥር ቀለሞቼን ይዤ በሆዴ እተኛለሁ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ ካልሲ ብቻ ነው፤ እርጥብ ካልሲ፣ ተረከዙ የተቀደደ ካልሲ፣ ግራና ቀኙ የማይገጥም ካልሲ። በመካከላቸው ሁለት ባዶ እግሮች ይቆማሉ። የእናቴ ናቸው። ስትሰብክ ካልሲዋን ታወልቃለች።

እናቴ ምንዳዬ ነቀምቴ ላይ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። ደርግ ጸሎት ቤታቸውን አሽጎ ወንዶቹን፣ አባቴን ዋቁማንም ጭምር፣ ሲያስር ምእመኑን ይዛ የቀረችው እሷ ናት። መስኮት ዘግታ አስተማረች። የታሳሪ ቤተሰቦችን እየዞረች ጠየቀች። ሰው ሲሞት የሚቀብር አገልጋይ ስለጠፋ እሷው መቃብር አፋፍ ላይ ቆማ ጸለየች። እኔ የተወለድኩት አባቴ ከተፈታ በኋላ ስለሆነ ይህን አላየሁም። እሷም አታወራውም። የሚያወሩት እንግዶቹ ናቸው፤ ስለ ጀግና እንደሚወራ፣ እየተቀባበሉ።

ስትሰብክ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ሰዋስው የምታስተምር ነው የሚመስለው። አንዲት ቃል ታነሳለች፣ ወዲህ ታገላብጣታለች፣ ወዲያ ታገላብጣታለች፣ ከዚያ ሰዉ ልብ ላይ ቀስ አድርጋ ታስቀምጣታለች። ያኔ ካልሲዎቹ ሁሉ ጸጥ ይላሉ። ከጠረጴዛ ሥር ሆኖ ለሚያይ ሰው ይታወቃል፤ ጣቶች መወዝወዝ ያቆማሉ።

አባቴ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ለሚመጣው ሁሉ ይነሳል፣ ካፖርት ይቀበላል። አዲስ እንግዳ "ወንድምስ ማን ልበል?" ሲለው ሌላ ሰው ይቀድመዋል፤ "የእህት ምንዳዬ ባለቤት ነው!" አባቴ ፈገግ ይላል። ፈገግታው ለእኔ ደስታ ነበር። አሁን ሳስታውሰው ጥርስ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ሳሎኑ አልበቃ ሲል እናቴ ከሥራ መልስ ስልክ ላይ እየተቀመጠች ለአንዱም ለሌላውም የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ደወለች። በመጨረሻ አንድ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሽማግሌ ፓስተር ምድር ቤታቸውን ሰጡን። ከላይ ፈረንጆቹ ጠዋት ያመልካሉ፤ ከታች እኛ ከሰዓት። ምድር ቤቱ የወለል ሰም፣ የተቃጠለ ቡናና የማሞቂያ ቦይለር ይሸታል። እኔ የሰማይ ሽታ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ወንጌላዊ ኤዶሳ የመጣው በሁለተኛው በጋ ነው። ሌላ ስቴት ካለ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ ሁለት ሻንጣ ይዞ ሶፋችን ላይ አረፈ፤ ወራትም ቆየ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ መናገር ይቀለኝ ነበር። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። የብስክሌቴን ሰንሰለት ጠግኖልኛል። እናቴን "እትዬ" እያለ ነው የሚጠራት፤ እሷ ቆማ እሱ አይቀመጥም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአባቴ ጋር ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

"ወንድም ዋቁማ፣ ያኔ የመከራ ጊዜ ነው" ይላል ኤዶሳ። "በመከራ ጊዜ ማንም የተገኘ ይሸከማል። አሁን ግን ነጻነት ነው። ነጻነት ደግሞ ሥርዓት ይፈልጋል። እትዬ ምንዳዬ የወንድ ሸክም ነው ተሸክማ የኖረችው። እናሳርፋት።"

አባቴ "አዎ" አለ፣ "እናሳርፋት።"

ደስ አለኝ። እናቴ አልጋ ከምታነጥፍበት ሆቴል ስትመለስ ወገቧን ይዛ ነው ደረጃ የምትወጣው። ሁለት ወንዶች ተቀምጠው ስለ እናቴ ድካም ማሰባቸው ትልቅ ፍቅር መሰለኝ። ማታ "እማዬ፣ ልታርፊ ነው!" ብዬ አበሰርኳት። ካልሲ ልታወልቅ ጎንበስ እንዳለች ቀና ብላ አየችኝ። "ማን አለሽ?" አለች። ስነግራት "እንዲያ አሉ?" ብላ ካልሲዋን መልሳ ሳበችው።

ብዙ ሳይቆይ ጉባኤው ሽማግሌዎች መረጠ። "አባትሽ ሽማግሌ ሊሆን ነው" ሲሉኝ አለቀስኩ። ከማልቀስም አልፌ ጭኑ ላይ ወጥቼ ሽበት ፍለጋ ጸጉሩን ፈተሽኩት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ያን ቀን በእውነት ደስ ብሎት ነበር። እስር ቤት የገባው ወጣት ሆኖ፣ የወጣው ሚስቱን የሚያውቋት እሱን የማያውቁት ሰዎች መካከል ነው። እዚህ አገር ደግሞ ቀን ከሌሊት የሰው ሻንጣ ታክሲ ላይ ይጭናል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕረግ ሰጡት። ያን አልነፍገውም።

እናቴ ሁለት ሥራ ተሰጣት፤ ልጆችን ማስተማርና ፈረንጆቹ ሲመጡ ማስተርጎም። እኔ ይህን ሹመት አድርጌ ነው የወሰድኩት። ያን ሁሉ ትልቅ ሰው ትታ እኔ ወዳለሁበት ክፍል መጣች! ጓደኞቼ ፊት ደረቴን ነፋሁ። ክፍላችን ከአዳራሹ የሚለየው በስስ ግድግዳ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ስለ ዮናስ ስትነግረን መሐል ላይ ታቆማለች። ከግድግዳው ወዲያ የኤዶሳ ስብከት ይሰማል። የእናቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ እኔም ዓይኔን እጨፍናለሁ። አሁን ይገባኛል። እየጸለየች አልነበረም። ኤዶሳ ያንጠለጠለውን ዓረፍተ ነገር እየጨረሰችለት ነበር።

በ1995 መኸር ሽማግሌው ፓስተር ጡረታ ወጡና ፓስተር ኢንግሪድ ተተካች። ቁመቷ የበር ጉበን የሚነካ፣ ጸጉሯን እንደ ወንድ አሳጥራ የተቆረጠች፣ እጇ ሰፊ፣ የበረዶ ቦት ጫማዋን ሳታወልቅ በነጭ የክህነት ልብሷ የምትሮጥ ሴት ነበረች። በመጀመሪያው እሁድ ወደ ምድር ቤት ወርዳ ከኋላ ተቀመጠችና እኔን በሹክሹክታ "ደህና ዋላችሁ እንዴት ነው የሚባለው?" አለችኝ። አስተማርኳት። ተነስታ ተናገረችው፣ ተሰባበረ፣ ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ወደ ላይ እየጠራችኝ ሻማ ታስለኩሰኛለች። "አንቺም አንድ ቀን እዚህ ልትቆሚ ትችያለሽ፣ ለሊሴ" አለችኝ አንዴ፣ መስበኪያውን እያሳየችኝ። እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከእናቴም ጋር ተዋደዱ። ከአምልኮ በኋላ ምድር ቤት ወጥ ቤት ውስጥ አብረው ሳህን ያጥባሉ። እናቴ እንግሊዝኛ ስታወራ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ትከሻዋ ይለቃል፣ ትቀልዳለች። አንድ እሁድ ስለ ነቀምቴ ነገረቻት። ፓስተር ኢንግሪድ ፎጣዋን አስቀመጠች።

"ይህን ሁሉ ዓመት ሰብከሽ፣ ሰው ቀብረሽ... ታዲያ አሁን እዚህ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ሳህን አጥባለሁ" አለች እናቴ፣ አረፋ የያዘ እጇን እያነሳች።

ተያይዘው ሳቁ። እናቴ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። እኔም ሳቅሁ። ከእኛ ከሦስታችን አንዷ እየሳቀች እንዳልነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ፓስተር ኢንግሪድ አንድ እሁድ ወደ ላይ ወጥታ ለፈረንጆቹ እንድትሰብክ ጠየቀቻት። እናቴ "ባለቤቴን ላማክር" አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከመኝታ ቤታቸው በር ውጭ ቆሜ ነው የሰማሁት።

"ያቺ ሴትዮ ቤቴን ልታፈርስ ነው!" ይላል አባቴ።

ወደ መስኮቱ ሄጄ ቁልቁል አየሁ። ይህን ሁሉ ፎቅ አንዲት ፓስተር እንዴት ታፈርሰዋለች?

"ማንም ቤት አላፈረሰም ዋቁማ። አንዲት እሁድ ነው የጠየቀችኝ።"

"አንዲት እሁድ! እስር ቤት ሆኜ ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሁሉ 'ሚስትህ በርትታለች' ነው የሚለኝ። አንድ ሰው እንኳን 'አንተ በርታ' አላለኝም። ወጣሁ፣ የምንዳዬ ባል። ናይሮቢ ተሰደድን፣ የምንዳዬ ባል። አሁን ሽማግሌ ተብዬ ስቀመጥ አንቺ ላይ ቤት ወጥተሽ ልትሰብኪ? እኔ ታች ሆኜ?"

"በርትቼ የጠበቅሁት አንተን ነበር" አለች እናቴ።

እሁድ ሲደርስ ፓስተር ኢንግሪድን "አይመቸኝም" አለቻት። የሆቴል ሺፍቷን ምክንያት አደረገች።

አንዴ የተነሳ ነገር ግን አልተኛም። ሴት በምትመራው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ማምለክ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይነሳ ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሽማግሌዎቹ ወሰኑ፤ እንወጣለን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፓስተር ኢንግሪድን ምድር ቤት ሰበሰቧት። የሚናገረው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ፣ አባቴ ነው። አስተርጓሚዋ እናቴ።

ኤዶሳ እንግሊዝኛ አያንሰውም ነበር፤ የተማረው በዚያ ነው። ለምን ራሱ እንዳልተናገረ እናቴን ከብዙ ዓመት በኋላ ጠየቅኳት። "ከሴት አፍ ሲሰማ ያን ያህል አያስከፋም ብሎ ነው" አለችኝ። ይህንንም ያሰበው በደግነት ነው።

እናቴ በቀጥታ ከሥራ ስለመጣች የሆቴል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ስሟ ደረቷ ላይ እንደተለጠፈ ነበረች። ከረጅሙ ጠረጴዛ ወዲህ ወንዶቹ፣ ወዲያ ፓስተር ኢንግሪድ ብቻዋን፣ ጫፉ ላይ እናቴ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ምግብ በሚተላለፍበት መስኮት ላይ ክርኔን ተደግፌ አያለሁ። ሁሉም ይሰማኛል። ነገር ግን ያኔ ለእኔ አማርኛ የትልልቅ ሰዎች ጉርምርምታ ነው፤ የሚያልፍ፣ ጆሮ የማይሰጡት። እንግሊዝኛ የትምህርት ቤቴ፣ የጓደኞቼ፣ የእኔ ቋንቋ ነው። አንድ ነገር እውነት የሚሆነው በእንግሊዝኛ ሲነገር ነበር።

አባቴ ተነሳ። "ስላደረጋችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን" አለ። እናቴ አስተረጎመች።

"ከእንግዲህ ግን አብረን መቀጠል አንችልም።"

እናቴ በእንግሊዝኛ፣ ሰዎቻችን ስለበዙ ሰፋ ያለ ቦታ እየፈለግን ነው አለች።

ኤዶሳ ቀና አለ። "እትዬ ምንዳዬ" አለ በለሆሳስ፣ "እንደተባለው ይሁን።"

የእናቴ ፊት ቀላ። እንግሊዝኛ ተሳስታ የታረመች መስሎኝ አፈርኩላት።

አባቴ ቀጠለ። እናቴን አያያትም፤ ፓስተር ኢንግሪድንም አያያትም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው የሚያየው። "እኔ ሴት ጉባኤ ፊት ቆማ እንድታስተምር አልፈቅድም። ትክክል ነው ብዬ አላምንም። በሴት እረኛ ሥር ልጆቼን አላሳድግም።"

እናቴ ሁለት መዳፎቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ፓስተር ኢንግሪድን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ በዚያ ጥርት ባለ የአስተማሪ እንግሊዝኛዋ፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረችው። "እኔ ሴት ጉባኤ ፊት ቆማ እንድታስተምር አልፈቅድም።" እኔ፣ አለች። "ትክክል ነው ብዬ አላምንም።" እኔ። "ልጆቼን።" ልጆቼ ማለት እኔ ነኝ፤ ሌላ ልጅ የላትም።

ክርኔ ከመስኮቱ ላይ ተንሸራተተ።

ፓስተር ኢንግሪድ ወንዶቹን አላየቻቸውም። "ምንዳዬ" አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ "አንቺስ? አንቺ ራስሽ የምታምኚው ይህን ነው?"

አስተርጉሚ ያላት ማንም የለም። ጥያቄው የእሷ ነው፤ ራሷ ልትመልሰው ትችል ነበር። እናቴ ግን ወደ ወንዶቹ ዞረች።

"አንቺስ የምታምኚው ይህን ነው ወይ ትላለች።"

ቦይለሩ ሲያጓራ ይሰማል። አባቴ ኤዶሳን አየው። ኤዶሳ ጠረጴዛውን አየ።

"አዎ በያት" አለ አባቴ።

እናቴ ወደ ፓስተር ኢንግሪድ ተመለሰች። "የስ" አለች።

ፓስተር ኢንግሪድ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ እናቴን አቀፈቻት። የእናቴ እጆች ወደ ታች እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። እኔ ሮጬ ወጥቼ የፓስተር ኢንግሪድን ቀሚስ ያዝኩ። እናቴ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቃ "ካፖርትሽን ልበሺ" አለችኝ።

መኪና ውስጥ በእንግሊዝኛ እጠላሻለሁ አልኳት። አባቴ ፍሬን ይዞ ዞረ። "ለእናትሽ እንዲህ አይባልም!" ጮኸ። "እናት ትከበራለች!"

እናቴ ከፊት መቀመጫ ላይ ወደ መንገዱ ታያለች።

ሴንት ፖል ውስጥ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ ባዶ ሱቅ ተከራየን። የሙጫ ሽታው ዓመት ሙሉ ራስ ያሳምማል። እዚያ እናቴ አዲስ ሥራ አገኘች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶችን ማስተማር። ርዕሱ አንድ ነው፤ ትዳርና መገዛት። ያን የመሰለ መክሊት በአንዲት ቀዳዳ ብቻ እንዲወጣ ሲፈቀድለት በዚያችው ቀዳዳ እንደ ጎርፍ ወጣ። መጀመሪያ ጥቂት ሴቶች፣ ከዚያ ከዉድበሪ፣ ከሮቸስተር ሳይቀር እየነዱ የሚመጡ። አንዲት ቃል ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። በካሴት ተቀዳ። ካሴቱ ዳላስ ደረሰ፣ ሲያትል ደረሰ። ዛሬም አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጭኖት ይሰማል። ያኔ ጫማዋን እንደማታወልቅ ልብ ብያለሁ። ምድር ቤት የሰማሁትን ያጸናልኝ ግን ይህ ትምህርቷ ነበር። አባቴ ያዘዛት ሳይሆን የገዛ እምነቷ ነው አልኩ።

አያንቱ ከሴቶቹ አንዷ ነበረች። ከአገር ቤት በጋብቻ የመጣች፣ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙም ያላለፈ፣ የምትስቀው አፏን በእጇ ሸፍና ነው። እኔ አሥራ ሁለት በሞላኝ ክረምት አንድ ከሰዓት ያለ ካፖርት በራችንን አንኳኳች። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። እናቴ ፊቷን በለብ ያለ ውኃ አጠበችላት፣ ሾርባ አጠጣቻት፣ መኝታ ቤት ገብተው ተንበረከኩ። ድምፃቸው አይሰማም ነበር። "ምን ሆና ነው?" ስላት እናቴ "በረዶ ላይ ወድቃ ነው" አለችኝ። እኔም በዚያ ሳምንት ወድቄ ክርኔ ተልጦ ስለነበር አልተጠራጠርኩም። ቁስሌን ገልጬ ለአያንቱ አሳየኋት። ዳሰሰችው። ሲመሽ እናቴ የራሷን ካፖርት አልብሳ በመኪና ወደ ቤቷ መለሰቻት። እኔም ኋላ ተቀምጫለሁ። አያንቱ የመኪናውን በር ከፍታ ሳትወርድ ቆየች። ብርዱ ገባ።

"በርቺ" አለቻት እናቴ። "ዝም በዪው። ተገዢለት። ይለወጣል።"

ከዚያ በኋላ አምቡላንስ እንደወሰዳት ሰማሁ። እንደገና ወደቀች፣ ተባለ። ከሆስፒታል ወጥታ ለማንም ሳትነግር ዴንቨር ሄደች።

እኔ አደግሁ። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ የሴቶች መብት ላይ ኮርስ ወሰድኩ፣ ራት ላይ "ፌሚኒስት ነኝ" ብዬ አወጅኩ። አባቴ ሳቀ። እናቴ በቅዳሜው ድምጿ መለሰችልኝ፤ እኔ በእንግሊዝኛ "ምንጣፍ" አልኳት፣ ሰው እግሩን የሚጠርግበት። ክፍል ውስጥ እናቴ አንዲት ሴት ፓስተር እንዴት እንዳባረረች ተረኩ። ፈረንጆቹ ልጆች በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐዘኔታቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ስመረቅ ዉድበሪ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ ለመሥራት ሥልጠና ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኛችን ሕጉን ነገረችን። "በሽተኛው 'ሆዴን አመመኝ' ካለ እናንተም 'ሆዴን አመመኝ' ነው የምትሉት። 'አመመው ይላል' አትሉም። አስተርጓሚ የራሱ 'እኔ' የለውም። የተሰጠውን 'እኔ' ነው የሚናገረው።"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ጉርምርምታ ብዬ የተውኩት አማርኛ ሁሉ፣ የአባቴ ድምፅ፣ የኤዶሳ ድምፅ፣ አንድ በአንድ መጣ። "አዎ በያት" መጣ። ተነስቼ ወጣሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ነድቼ ሴንት ፖል ሄድኩ።

አባቴ ሥራ ላይ ነበር። እናቴ አልጋው ላይ ፎጣ ታጥፋለች፣ የሆቴል አስተጣጠፍ።

"እማዬ፣ ያን ቀን ለፓስተር ኢንግሪድ ያልሻት የአባባ ቃል ነበር አይደል? የስ ያልሻትም።"

ፎጣዋን ያዘች። "ዛሬ ምን አስታወሰሽ?"

"የሱ ቃል ነበር አይደል?"

"የሱ ነበር" አለች።

አቀፍኳት። ይቅር በዪኝ አልኳት፣ አልገባኝም ነበር፣ ምስኪን እናቴ አልኳት። ትንሽ ታገሰችኝ። ከዚያ በሁለት እጇ ገፋ አድርጋ ፊቴን አየችው።

"አትቸኩዪ" አለች። "አያንቱን ታስታውሻታለሽ?"

"በረዶ ላይ የወደቀችው?"

"አልወደቀችም። ባሏ ነው። አትመልሺኝ ብላ እግሬን ይዛ ለምናኛለች። መለስኳት። ሁለተኛው ጊዜ ላይ አንድ ጆሮዋን አደነቆራት። በሆዷ የነበረውም ወረደ።"

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

"ለኢንግሪድ ያልኩት የአባትሽ ነው" አለች። "ለአያንቱ ያልኩት ግን የማንም አይደለም። ኤዶሳ አልነበረም። አባትሽ አልነበረም። ማንም 'እንዲህ በያት' አላለኝም። የራሴ ነው።"

"ለምን እማዬ?"

"አንድ ነገር ስትውጪ ኖረሽ፣ መርዝ ነው ማለት ያቅትሻል። ምግብ ነው ትያለሽ። ለልጆችሽም ታጎርሻለሽ።" ፎጣዋን ከታጠፉት ላይ ደረበችው። "ስለዚህ ምስኪን አትበይኝ።"

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የቅዳሜውን ማስተማር ተወች። ደክሟት ነው ተባለ፤ ጉባኤው ፊት ጋቢ አልብሰው፣ ስለ ማስተማሯ ሳይሆን ስለ እንግዳ ተቀባይነቷ አመሰገኗት። እናቴ ጎንበስ ብላ ተቀበለች። አባቴ ስለ ምድር ቤቱ ቀን አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሞተ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ እናቴ እኔ ዘንድ ዉድበሪ መጣች፤ ከመጣችም በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አያንቱን እንድፈልግላት።

ፌስቡክ ላይ አገኘኋት። ስልክ ቁጥሯን የሰጠችኝ ደጋግሜ ከጻፍኩላት በኋላ ነው። እሁድ ረፋዱ ላይ፣ ሌላው ሰው ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሰዓት፣ ደወልን። እናቴ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

"አያንቱ፣ ምንዳዬ ነኝ።"

"ጮክ በይ" አለ የዚያኛው ወገን ድምፅ። "በደህናው ጆሮዬ ነው የያዝኩሽ፣ እሱም ደክሟል።"

"ምንዳዬ ነኝ!"

"እሺ። ስብከት ከሆነ ይቅርብኝ።"

እናቴ አፏን ከፈተች። ያንን ሁሉ ሰው ያስለቀሰች ሴት አንዲት ቃል አጣች። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። "አንቺ ንገሪልኝ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። እጄን አልዘረጋሁም።

እናቴ ስልኩን መልሳ ወሰደች። "አጥፍቻለሁ" አለች። አልተሰማም መሰላት፤ ቆማ፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸች። "አያንቱ፣ አጥፍቻለሁ! እኔ ነኝ!"

ከዚያኛው ወገን ከኋላ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ የሕፃን ሳቅ ይሰማል።

"ሰማሁሽ" አለች አያንቱ። ዘጋችው።

እናቴ ቆማ ቀረች። የሚቀጥል ነገር ያለ ይመስል ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችውም።